ሰባተኛው እሑድ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሳይቆጠር የማይዳርበት ዘመን ነበር። የሚቆጠረው ጥሎሽ እንዳይመስላችሁ፤ ዘር ነው። የልጁም የልጅቷም አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባቱ ባንዱ ከተገናኙ ሥጋ ናቸው፤ በቃ፣ ጋብቻ የለም።

የዝና ለአያ ስሜነህ አንዲት ልጁ ናት። ምንይችል ከወንዝ ማዶ ለጤፍ አረም ደቦ መጣና ጎን ለጎን ገቡ። ሌላው ሰው ጨርሶ ጠላውን ሲጠጣ፣ እነሱ ገና ማሳው መሐል ነበሩ። መቼም አረም ይህን ያህል አይፈጅም፤ አገሩ ሁሉ ገባው።

ሽማግሌ ተላከ። አያ ስሜነህ ልጁን ወዶታል፤ ግን ሆዱ ፈራ። አባቱ በልጅነቱ ያስጠኑት ነገር አለ፦ ከየዝና ወደ ላይ ሲቆጠር ሰባተኛዋ ቤት ወርቂት የምትባል ሴት ናት፣ አንዱ ልጇም ወንዝ ተሻግሮ እዚያው ቀርቷል። የዝናን በገዛ አፉ «አይሆንም» ማለት ቢያቅተው፣ ቆጠራው ይከልክልልኝ ብሎ «እማሆይ ትርንጎ ይቁጠሩ» አለ።

እማሆይ ትርንጎ የወንዙን የወዲህም የወዲያም ዘር የሚያውቁ መነኩሲት ናቸው። አንድም ቀን ስተው አያውቁም፤ ርስት የሚከራከር ሁሉ ደጃቸው ነው የሚመጣው።

«በየእሑዱ አንድ ቤት እቆጥራለሁ» አሉ።

ምንይችል ተቁነጠነጠ። «እማሆይ፣ ባንዴ ቢጨርሱልንስ?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

ለምን እንዳዘገዩት ልንገራችሁ? ዘሩ የት እንደሚገናኝ ከመጀመሪያው ያውቁታል። ልጆቹ ሰባት ሳምንት እንኳ ተስፋ አድርገው ይኑሩ ብለው ነው። አይ እማሆይ!

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወይራው ሥር ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ቤት አልተገናኘም፤ እልል ተባለ። ሁለተኛውም አለፈ። በአራተኛው ከጎረቤት አጥቢያ ሰው ይመጣ ጀመር። ስድስተኛው ሲያልፍ የምንይችል እናት ጌሾ ወቀጡ።

በዚያው ሳምንት የዝና ውሃ ቀድታላቸው ብትገባ፣ እማሆይ ሲያለቅሱ አገኘቻቸው። ሰባተኛው ቤት እንደሚያገናኛቸው ገባት። ሮጣ ለምንይችል ነገረችው።

«እንግዲያ አሁኑኑ እንጥፋ!» ብሎ በቅሎውን ጫነ።

«አባቴን አንገቱን አስደፍቼ? አላደርገውም። እሑድ ቆሜ እሰማለሁ። ካልሆነም እንደወደድኩህ እቀራለሁ እንጂ ሌላ አላገባም።»

ምንይችል የጫናትን በቅሎ መልሶ አራገፈ። እያለቀሰ ነው ያራገፋት፤ ምን ያድርግ።

ሰባተኛው እሑድ ደረሰ። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። የዝናን አዩዋት፤ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ቆማለች።

«ሰባተኛው ጠፋኝ» አሉ። «አርጅቻለሁ፤ ረሳሁት።»

ጉድ ተባለ። መነኩሲት ናቸው እንግዲህ፤ ውሸት በማን ፊት እንደሚያስጠይቅ ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ከዚያ ቀን ወዲህም «እማሆይ ጃጅተዋል» ተባለና ዘር ሊያስቆጥር ደጃቸውን የረገጠ የለም።

ሽማግሌዎቹ ወደ አያ ስሜነህ ዞሩ። «አንተስ አታውቀውም?»

ስሙ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ልጁን አያት።

«እማሆይ ያላወቁትን እኔ ከየት አውቄ!» አለ። አባቱ ያወረሱትን ስም እንዲህ አድርጎ ዋጠው። «እንግዲያ ያልታወቀ አይከለክልም» ተባለና ሠርጉ ተደገሰ።

በዓመቱ የዝና ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትና በተነሣች ዕለት የዓለም ስሟን ማን ያውጣ ተባለ። እማሆይ ሕፃኗን ታቅፈው እሹሩሩ ሲሉ ነበር፤ «ወርቂትዬ» የሚል አመለጣቸው።

አያ ስሜነህ ክው አለ። ለካ አልረሱም! የእሱን ድንጋጤ ሲያዩ እማሆይም ገባቸው፤ ለካ እሱም ያውቅ ኖሯል! ሁለቱም አቀረቀሩ። የዝና ሁለቱንም አይታ፣ ለእሷ ሲሉ እንደዋሹ ገባትና እንባዋ መጣ።

«እማሆይ ያውጡላት» አለች።

«አባትሽ እያለ? በጭራሽ!» አሉ እማሆይ።

«እኔ ምን አድርጌ? እናቷ ራሷ ታውጣላት» አለ፣ የበቅሎዋን ነገር ከሠርጉ በኋላ የሰማው አያ ስሜነህ። «እኔን አላዋርድም ብላ ስንቱን የቻለች እሷ አይደለች!»

እንዲሁ ሲገባበዙ ልጅቷ ሚጡ እየተባለች ጥርስ አበቀለች። በሉ ዳኙ እንግዲህ፤ በቅሎዋን ያራገፈውንም እንዳትረሱት። ያቺን ልጅ ጮክ ብሎ «ወርቂት!» ብሎ መጥራት የሚገባው ማን ነው?