የወንድይፍራው ዝምተኛ ደቦ

ሥራ እያሠራ ሠራተኛውን ጭጭ የሚያሰኝ ሰው ባጋጠመ ቁጥር እኛ አገር የሚነገር ተረት አለ። ሁሉም ይተርተዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላገኘሁም። እንግዲህ ሳልጠየቅ ልናገር፤ የመጣው ከወንድይፍራው የጤፍ ማሳ ነው።

ወንድይፍራው ጎጃም የሚኖር ገበሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁ ብቻ ትንሽ ይሰስታል። ደቦ ሲጠራ ጠላውን የሚቀዳው ራሱ ነው፤ ሲቀዳም አውራ ጣቱን ዋንጫው ውስጥ ይከታል። ጣቱ ቦታ በያዘ መጠን ጠላ ይተርፈዋል።

የደቦ ወግ ደግሞ ይታወቃል። አጫጁ እየዘፈነ ባለማሳውን ሲያሻው ያሞግሳል፣ ሲያሻው ይሸነቁጣል፤ በደቦ ቀን በተባለ ነገር አይኮረፍም። ቢሻው የሚባለው ዘፈን አውራጅ አንድ ዓመት እንዲህ ብሎ አወረደ፤

«የወንድይፍራው ዋንጫ ሲያዩት የሞላ፣
ግማሹ አውራ ጣት ግማሹ ጠላ።»

ግጥሙ ገበያ ወጣ። ሰው ወንድይፍራውን ሲጨብጠው አውራ ጣቱን አየት ማድረግ ጀመረ። ይሄ አንጀቱን አሳረረው።

በዓመቱ ኅዳር በባተ ሰሞን ጤፉ ደረሰ። ወንድይፍራው ደቦ ጠራና ማሳው ዳር ቆሞ ውል አቀረበ።

«ዛሬ የሚዘፍን፣ የሚያሾፍ፣ የሚስቅ እንዳይኖር። ይህን ከጠበቃችሁ ማታ ሙክት ይታረድላችኋል።»

«ሙክት?» አለ ቢሻው፤ ጆሮውን አላመነም።

«ሙክት፤ ማርያምን።»

ሙክት ማን ይጠላል? ሁሉም አፉን ዘግቶ አጎነበሰ።

መጀመሪያ ጸጥታው ወንድይፍራውን ጣፈጠው። እየቆየ ግን ሥራው አልገፋ አለ። ዘፈን ሲኖር ረድፉ እኩል ይሄዳል፤ ዛሬ አንዱ ቀድሞ ይቆማል፣ ሌላው ወደ ኋላ ቀርቶ ማጭዱን ይስላል። ዘፈኑ ያስረሳው የነበረ የወገብ ሕመም ሁሉ ተቀሰቀሰ። በድንበር የተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞችም ነበሩ። ሌላ ጊዜ ዘፈኑን አብረው ሲቀበሉ ኩርፊያውን ይረሱት ነበር፤ ዛሬ ትዝ አላቸውና ጀርባ ተሰጣጡ። እኩለ ቀን ሲሆን የማሳው ሲሶ እንኳ አልታጨደም። ይባስ ብሎ ያለወሩ ጥቁር ደመና ተነሣ። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ከመታው ይረግፋል፤ የረገፈውን ከጭቃ መልቀም አይቻልም። ወንድይፍራው ያለው ማሳ ደግሞ ያ ብቻ ነበር።

ሚስቱ አትጠገብ የጠላ እንስራ አዝላ ስትመጣ ደመናውንም አጫጆቹንም አየች። አትጠገብ በወንዶች ፊት ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ናት።

«ይዝፈኑ በላቸው» አለችው ቀስ ብላ።

«በገዛ ማሳዬ ልሰደብ?»

«ታዲያ ልጆቹ ክረምቱን ምን ሊበሉ ነው?»

ወንድይፍራው ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። እሷም እንስራውን አወረደች፤ ነጠላዋን እንደ ባሏ ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፤ አውራ ጣቷን እስከ ሥሩ ዋንጫው ውስጥ ነክራ ቀዳችና ደረቷን ነፍታ በእሱ አረማመድ ወደ አጫጆቹ ሄደች። አውራ ጣቷ ገና ዋንጫው ውስጥ ነው።

«ጠጡ እንጂ፣ ምን ያሳፍራል፣ ቤቱ የናንተ ነው» አለች በባሏ ወፍራም ድምፅ። ቢሻው እጁን ሲዘረጋ ግን ዋንጫውን ወደ ራሷ ሳበችና ጎንበስ ብላ አየችው። «ቆይ እስቲ፣ በዛ መሰለኝ።»

ማንም አልሳቀም። ሙክቱ አለና። ቢሻው ከንፈሩን ነከሰ፤ አንዱ ፊቱን ነዶ ውስጥ ቀበረ፤ የተኳረፉት ጎረቤታሞች ተያዩና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ወንድይፍራው ሊገሥጻት እጁን ዘረጋ፤ አትጠገብም ልክ እንደሱ ዘረጋች። አፉን ከፈተ፤ ከፈተች። ዘጋ፤ ዘጋች። ሰውየው ራሱን ፊት ለፊት አየው። ጥቂት ታገለ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ጤፉ መሀል ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው።

«አያ፣ ውሉን ያፈረስከው አንተ ነህ፤ ሙክታችንን እንዳትረሳ» አለ ቢሻው።

«ሙክቱ ይታረዳል፤ አንተ ብቻ ዝፈን። የአውራ ጣቱንም ቢሆን።»

ቢሻው አወረደ፤ አትጠገብ ነዶ እያሰረች ከሁሉም በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተቀበለች። ባሏ ድምፅዋ እንዲያ ማማሩን ያወቀው ያን ቀን ነው ይባላል፤ ደስ ብሎትም ደጋግሞ ያያት ነበር። ጎረቤታሞቹ ጎን ለጎን ሆነው አጨዱ። ዝናቡ የደረሰው ጤፉ ተከምሮ፣ ክምሩም ተከድኖ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁሉም ወንድይፍራው ቤት ተጠልሎ ሙክቱን ሲበላ ባለማሳውን አንድ ነገር ከነከነው።

«ጠዋት አላጭድ ያለው ማጭዳችሁ ከሰዓት ምን ነክቶት እንዲያ በረታ? ሳላችሁት እንዴ?»

በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት አባ ፈንቴ የያዙትን ጎድን ግጠው ጨረሱ። ከዚያ ጣታቸውን ጠራርገው፣ «አይ ወንድይፍራው» አሉት፣ «ሳቅ የነፈጉት ደቦ ማጭዱ አይቆርጥም።»