ድምፁን በቀኝ ጆሮ

ቋ… ቋ… ቋ…

መጀመሪያ የተሰማው ይህ ነው። እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ። ምንም የሚታይ የለም። ነግቷል፤ ጉሙ ግን አልተገለጠም፤ ሰው እጁን ቢዘረጋ የገዛ ጣቶቹን አያይም። ድምፁ ከባሕሩ ይመጣል።

አንድ ሰው ነበረ፣ ወገኖቼ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ይህን ድምፅ የሚያዳምጥ ሽማግሌ። ከፊቱ ረጅም ብረት ከግንድ ላይ ተንጠልጥሏል። በእጁ መዶሻ ይዟል። መዶሻውን ግን አያነሣም።

ለምን አያነሣም?

ሰውየው የሚኖረው በግሪኮች ባሕር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ነው። ዘመኑ ዓለም ሁሉ የተዋጋበት፣ ወታደር በመርከብ ከባሕር የሚመጣበት፣ በጃንጥላ ከሰማይ የሚወርድበት ዘመን ነው። ደሴቲቱን አለት እንደ ጥርስ ከቧታል። ጀልባ የሚያስገባ አንድ ጠባብ በር ብቻ አላት፤ “ጉሮሮ” ይሉታል። ጉም ሲወርድ ሽማግሌው ብረቱን ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል። ሦስት ይመታል፣ ያርፋል። ባሕር ላይ የቀረ ሁሉ ያንን ሰምቶ ይገባል። አባቱም፣ የአባቱም አባት እንዲሁ ሲመቱ ኖረዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ብረቱ የተሰቀለው ጉሮሮው ላይ አይደለም። እዚያ ማዕበሉ ግንድ አያስቆምም። የተሰቀለው ራቅ ብሎ፣ ገደሉ ላይ ነው። ስለዚህ የደሴቲቱ ልጅ መቅዘፊያ ከመጨበጡ በፊት ይህን ይማራል፦ “ወደ ድምፁ አትሂድ። ድምፁን በቀኝ ጆሮህ ይዘህ እለፍ።” በቀኝ ጆሮው የያዘ ይገባል። ፊት ለፊት የሄደ አለት ይጠብቀዋል።

ጦርነቱ ሲመጣ ከዋናው ምድር የተላከ የአገሩ ጦር አዛዥ፣ “ጠላት መንገድ እንዳያገኝ በጉም ቀን ብረት እንዳይመታ” ብሎ አዘዘ። የቀኝ ጆሮውን ነገር ግን የነገረው ሰው የለም። ማን ይንገረው? ለእነሱ እኮ እንደ መተንፈስ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ አለ ብለው አስበው አያውቁም።

የሽማግሌው አንድ ልጅ ሌፍቴሪስ ከጎረቤት ደሴት ዱቄት ሊያመጣ ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው። ያለ ብረቱ ድምፅ በዚህ ጉም ጉሮሮውን አያገኝም። የሽማግሌው ሚስት ካልዮፒ ሻሿን እያጠበቀች መጥታ ከጎኑ ቆመች።

“ሰማህ?”

“ሰማሁ።”

“የኛ ልጅ ነው።”

“ብዙ መቅዘፊያ ነው እኮ። ስሚ እንጂ! አንድ ጀልባ እንዲህ አያንኳኳም። ጠላት ነው።”

“ስሚ ትለኛለህ? ሦስት ቀን ሙሉ ከመስማት በቀር ምን ሠራሁ? ከሁሉም ኋላ ያለው የሱ ነው። የግራ መቅዘፊያው ከውኃ ሲወጣ ያፏጫል። ስንጥቁን ጠግነው ብዬ ስንቴ ለፈለፍኩ!”

አዳመጠ። እውነቷን ነው። ከሁሉም ኋላ አንዱ ያፏጫል።

“ሌሎቹስ?” አላት።

“ሌሎቹን እናቶቻቸው ይጠብቋቸው።”

“ብመታ ቀጥ ብለው ወደ እኔ ነው የሚመጡት፣ ካልዮፒ። የቀኝ ጆሮውን ነገር አያውቁማ።”

“ባትመታ ልጅህ የትም አይመጣም። አምጣው መዶሻውን፣ እኔ እመታዋለሁ!”

“አንቺ? ሠርግ ላይ እንኳ ጭብጨባ የምታበላሺ?”

በዚያ ሰዓት እንኳ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አልሳቁም። ሽማግሌው መዶሻውን አነሣ።

ሦስት መታ። አረፈ። ሦስት መታ።

ወዲያው ከጉሙ በላይ የአውሮፕላን ሞተር አጉረመረመ፤ አለፈ፤ ጸጥ አለ። ከዚያ ነጫጭ ነገሮች መውረድ ጀመሩ። ድምፅ የላቸውም። እንደ መግነዝ የነጡ የጃንጥላ ጨርቆች፣ ከበላያቸው ሰማይ የለ፣ ከበታቻቸው ምድር የለ፣ ዝም ብለው ይወርዳሉ። ብዙዎቹ መሬቱን ስተው ባሕሩ ላይ አረፉ። ጧ ይላል፤ ከዚያ ምንም።

አንዱ ግን ከብረቱ ኋላ ወደቀ። ጢሙ በወጉ ያልበቀለ የጠላት ወታደር ነው። እግሩ ከሥሩ ታጥፎ ተሰብሯል። ካልዮፒ አየችው፤ ተራገመች፤ ረግማው ስታበቃ ውኃ አጠጣችው።

ወታደሩ ከባሕሩ የአገሩን ሰዎች ድምፅ ሰማ። ብረቱንም ሰማ። ሽማግሌውን አየና ፈገግ አለ። ወንድሞቹን እየመራላቸው መስሎታል! ሦስት ጣቶቹን አንሥቶ ከምቱ ጋር ይነቀንቅ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ቋ… ቋ… ቋ… ቀረበ። ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ።

ቢያቆም ልጁ ጉሮሮውን ይስታል። ቢቀጥል ደግሞ… እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትቸኩሉ። ቤታችሁ ገብታችሁ መልሱት።

ሽማግሌው ቀጠለ።

የመጀመሪያው ጀልባ ከአለቱ ጋር ሲላተም የዋርካ ቅርንጫፍ የተገነጠለ ይመስል ነበር። ቀጥሎ ሁለተኛው። ቀጥሎ… መቁጠር ተወ። ጩኸቱ በማያውቀው ቋንቋ ነው፤ ሰው ሲሰጥም የሚጠራውን ስም ግን ማን ያስተረጉማል? የወታደሩ ሦስት ጣቶች አየር ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ። አላወረዳቸውም።

ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ አንድ መቅዘፊያ እያፏጨ በጉሮሮው በኩል አለፈ።

መንደሩ ፈነጠዘ። የአገሩ ወታደሮች መጥተው ቁስለኛውን ምርኮኛ ወሰዱት። “አንድ ጦር በአንድ መዶሻ!” አሉ ጎረቤቶች። “ጄኔራል፣ እስቲ ማዕረግህን አሳየን!” እያሉ ቀለዱበት። ሽማግሌው መዶሻውን ጥግ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሌፍቴሪስም አይበላም፤ አያወራም። በሦስተኛው ቀን ለአባቱ እንዲህ አለው፦

“አባባ፣ ከጎኔ ነበሩ።”

“እነማን?”

“ጀልባዎቹ። ጉሙ ውስጥ ከኋለኞቹ ጋር ጎን ለጎን ቀዘፍን። አንዱ ሲያስል ሰማሁት። ወደ ብረቱ ሲዞሩ ገብቶኛል። አንድ ቃል መጮኽ ብቻ ነበር የቀረኝ።”

“ቋንቋህን አያውቁም።”

“አልሞከርኩማ።”

“ልጄ፣ ጠላት ናቸው። ቢገቡ እናትህን ይተዉልህ ነበር?”

“አይተዉም።”

“ታዲያ?”

“ሲያስል ሰማሁት አልኩህ እኮ፣ አባባ።”

ወገኖቼ፣ ጠላት ነበሩ ትሉኛላችሁ። ነበሩ። ሌፍቴሪስ ዝም ማለቱ ልክ ነበር ትሉኛላችሁ። እኔ ዳኛ አይደለሁም። እናንተ ግን ጦር ሜዳ ላይ ናችሁ? ከጎናችሁ የሚቀዝፈው ማን ነው? ግድግዳ የምትጋሩት ጎረቤታችሁ አይደለም? ሁለት ዓመት ያኮረፋችሁት ወንድማችሁ አይደለም? በየማታው ሰክሮ ሲገባ ኮቴውን የምታውቁት ያ ሰው አይደለም?

ሲያስል ትሰሙታላችሁ። ወዴት እንደዞረም ይገባችኋል።

“የእግዚአብሔር ደወል ለሁሉም ይደወላል፤ ጎረቤቴስ ጆሮ የለውም?” ትላላችሁ። አለው! አለት ላይ የወጡት ጀልባዎችም ደወሉን ሰምተው ነው። መስማት ብቻውን መች አስገባቸው? ለእናንተ ከልጅነታችሁ አንድ ሰው ጆሯችሁን ይዞ፣ “በዚህ በኩል” ብሏችኋል። ለእሱስ ማን አለው? ሁሉም ያውቃል ብላችሁ ተዋችሁት። እንደ መተንፈስ ነው ብላችሁ ተዋችሁት። እናንተ ገባችሁ። እልልም ተባለላችሁ። ከኋላችሁ ግን ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ያን ጸጥታ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር ቀርቶኛል።

በወሩ እንደገና ጉም ወረደ። የደሴቲቱ ጀልባዎች ሁሉ ከወደብ ታስረዋል፤ አንድም ሰው ባሕር ላይ አልነበረም። ሦስቱ ምሳ ቀርበው ሳለ ሌፍቴሪስ ማንኪያውን አስቀመጠ።

ቋ… ቋ… ቋ…

አባትና እናት ተያዩ። ከሩቅ አንድ ሰው አሳለ።

ሌፍቴሪስ ተነሣ። የግራ መቅዘፊያውን ከጥግ አነሣ፤ ስንጥቁ አሁንም አልተጠገነም።

“ወዴት ነው?” አለች እናቱ።

“በዚህ በኩል ልላቸው።” በሩን ክፍት ትቶ ወጣ።