ተመላሹ ተሸካሚ

ተረት የሚወድ ጆሮውን ያቅርብ፤ የማይወድም ቢሆን አያንኮራፋብኝ።

ዱሮ ዱሮ፣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ብርሌ የምትባል ትንሽ ዓሣ ነበረች። ሰውነቷ ከመጥራቱ የተነሣ ውስጧ ከውጭ ይታይ ነበር። በውስጧም ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጋ ቀጭን መንገድ አለ፤ ነርቭ ይሉታል። በዚያ መንገድ ሁለት ወንድማማቾች ሸክም ይሸከማሉ። ሂያጅ የሚባለው ከራስ ስንቅ ተቀብሎ ለጅራት ያደርሳል። ተመላሽ የሚባለው ደግሞ ከጅራት ተሸክሞ ወደ ራስ ይመጣል።

ራስ ተጠራጣሪ ነበር። "እኔ የላክሁትን ይሄ ልጅ እየመለሰው ነው፤ ሌባ ነው" አለና ተመላሽን መንገድ ከለከለው። ምን እንደተሸከመ እንኳ አልጠየቀውም። ትልቅ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ መጠየቅ ያሳፍረዋል።

ከዚያ ወዲያ ጅራት ደከመች። ራስ፣ "ርቧት ነው" ብሎ ስንቅ ጨመረ። ባሰባት። ደግሞ ጨመረ። ደነዘዘች። ሦስተኛ ሲጨምር ጭራሽ መወዛወዝ አቆመች፤ ብርሌም ወደ ጭቃው መስመጥ ጀመረች። ጅራቱ የከዳው ዓሣ ደግሞ የይብራ ወፍ ቁርስ ነው።

ራስ ደንግጦ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ የተጋደመውን ቢላ ጠራ።

"አያ ቢላ፣ አንተ የዓሣ ውስጥ ታውቃለህ። ተሸካሚዎቼ ምን ነካቸው?"

"ሰነፎች ናቸው" አለ ቢላ። "ዛሬ ሦስት ዓሣ ከፍቼ አየሁ። በሦስቱም ውስጥ ተሸካሚ ሁሉ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ንቅንቅ አይልም። ያንተንም ከፍቼ ላሳይህ?"

"ዓሦቹስ ደኅና ናቸው?"

"እኔ ከከፈትኩ በኋላማ ደኅና የሚባል የለም።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅርብን" አለ ራስ።

ይህን የሰሙት እሜት መነጽር ነበሩ። ከአንድ ሽማግሌ አፍንጫ ላይ ወድቀው ውሃ ውስጥ የቀሩ ናቸው።

"እኔ አልነካትም" አሉ። "ትተንፍስ፤ ፀሐይም ታብራልኝ። እኔ አያለሁ።"

አንዴ አዩ፤ ሂያጅ ስንቁን ተሸክሞ መግቢያ አጥቶ ቆሟል። ሁለቴ አዩ፤ ከፊቱ የቆሻሻ ክምር አለ። ሦስቴ አዩ፤ ከክምሩ ሥር ተመላሽ ጭነቱን አቅፎ ያለቅሳል።

"ልጄ፣ ምን ይዘሃል?"

"ያረጀና የተበላሸ ዕቃ ነው እሜቴ። የጅራት መልእክትም አለ። 'ጋሼ ራስ፣ ምግቡ በቅቶኛል፤ ያፈነኝ ቆሻሻው ነው' ብላለች። ይዤው ስንት ቀን ተቀመጥኩ።"

ራስ ወዲያው መንገዱን ከፈተለት። "በድዬሃለሁ ልጄ፤ ይቅር በለኝ" አለ።

"ይቅርታውን በኋላ ያደርሱኛል ጋሼ፤ አሁን እሷ ትተንፍስ" አለና ተመላሽ ሸክሙን አንሥቶ ሮጠ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ጅራት ተወዛወዘች፤ ብርሌም ከጭቃው ተነሥታ ዋኘች።

እናንተም ሰው ሲመለስ ስታዩ ሌባ ከማለታችሁ በፊት ምን ይዘህ መጣህ በሉት። ስለ ትጋቱ ለመፍረድ ከፈለጋችሁም በሕይወት ሳለ እዩት፤ ሬሳ ከፍቶ ሩጫ ያየ የለም።