ወደ ቀኝ የምትጎትተው ጀልባ

ተረት መጣች!

ትምጣ፣ ጠጋ ጠጋ ብለን ቦታ እንሰጣታለን በሉኝ።

እንስሳት ሁሉ በሚናገሩበት፣ ብረትም ቢሆን ሲከፋው በሚያጉረመርምበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር የእንስሳት መንደር ነበረ። መንደሩ አንዲት ትንሽ ጀልባ ነበረችው። ከጀልባዋ ኋላ ሞተር ታስሯል፤ ከሞተሩ መሪ ወጥቷል፤ መሪውን የሚይዘው ደግሞ አያ ኤሊ ነበር።

አያ ኤሊ ጠንቃቃ ነው። ከመነሳቱ በፊት ቤንዚኑን ሦስት ጊዜ ያያል፤ ገመዱን ሦስት ጊዜ ይነካል፤ ሰማዩን ሦስት ጊዜ ይመለከታል። ቤቱና ሚስቱ ከሐይቁ ማዶ ናቸው። ጠዋት ተሳፋሪ ይዞ ወዲህ ይመጣል፤ ማታ ተሳፋሪ ይዞ ወደ ሚስቱ ይመለሳል። የየብስ ኤሊ ስለሆነ ዋና አይችልም። ሐይቁን በእግሩ ዞሮ ቤቱ ለመድረስ ደግሞ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አስልቶታል፣ አራት ዓመት ከሁለት ወር ይፈጅበታል። ያውም ዝናብ ካልያዘው።

ታዲያ ይህች ጀልባ አንድ አመል አወጣች። ወደ ቀኝ ትጎትታለች። አያ ኤሊ መሪውን በሁለት እጁ ታግሎ ሲይዛት ቀጥ ትላለች፤ እጁን ትንሽ ላላ ሲያደርግ ወደ ቀኝ። ታግሎ ሲይዛት ቀጥ፤ ላላ ሲያደርግ ወደ ቀኝ። ማዶ፣ ከመውረጃው በስተቀኝ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ጀልባዋ ሁለት ጊዜ ሄዳ ገጨችው።

ሹማምንቱ አያ ኤሊን አስጠሩት። ሦስት ናቸው፦ ፊታውራሪ ጉማሬ፣ ቀኛዝማች ጎሽና ግራዝማች ከርከሮ። ፊታውራሪ ጉማሬ ውሃ ውስጥ ተወልዶ ውሃ ውስጥ ያደገ ነው፤ ከተሾመ ወዲህ ግን ጋቢው እንዳይረጥብ በጀልባ ብቻ ነው የሚሻገረው።

«ስማ ኤሊ፣» አለ ፊታውራሪ። «ሁለቴ አስደነገጥከን። ሦስተኛ ብትደግም ከጀልባዋ ትወርዳለህ። ሁለተኛም እግርህን አታሳርፍባትም።»

«ቤቴስ፣ ጌታዬ? ማዶ እኮ ነው።»

«እግር የለህም? ስቆጥረው አራት ነው» አለ ግራዝማች ከርከሮ። ቀኛዝማች ጎሽም እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ሦስት ቀን ሰጥተንሃል። ጥፋቱን ፈልግ» ብለው አሰናበቱት።

በመጀመሪያው ቀን አያ ኤሊ ወደ ሞተሩ ሄደ።

«ወንድሜ ሞተር፣ ለምን ወደ ቀኝ ትስበኛለህ?»

«እኔ?» አለ ሞተር እየተንደቀደቀ። «እኔ እገፋለሁ እንጂ አልስብም! ከሥር የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር ጠይቀው። አፉን ሣር ሞልቶታል።»

አያ ኤሊ ጎንበስ ብሎ ከፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን ቄጠማ ፈትቶ አወጣ።

«እፎይ! እግዜር ይስጥልኝ» አለ ፕሮፔለር። «ግን አያ ኤሊ፣ ሣር ቢያንቀኝ እደክማለሁ እንጂ አልዞርም። በእኔ አትፍረድ።»

በማግስቱ ሹማምንቱን አሳፍሮ ሄደ። ላላ ሲያደርገው ወደ ቀኝ።

በሁለተኛው ቀን የሞተሩን ማሰሪያዎች ጠየቀ። «ሞተሩን መሃል ላይ ነው ያሰራችሁት?»

«ለክተህ እይ!» አሉት ተቀይመው። ገመድ አምጥቶ ከግራ ጠርዝ ለካ፤ ከቀኝ ጠርዝ ለካ። እኩል ነው። ስለማያምን ደግሞ ለካ። አሁንም እኩል ነው። በማግስቱ ሹማምንቱን አሳፍሮ ሄደ። ወደ ቀኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሞተሩ ሥር የተንጠለጠለችውን ትንሽ ክንፍ ጠየቃት። ጣት አታህልም። በአንዲት ብሎን ተይዛ ውሃ ውስጥ ስትውል ማንም አይቷት አያውቅም።

«ክንፍ እህቴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ሥራዬ እኮ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን እንዳታደላ መጠበቅ ነው» አለች ክንፍ። «እየኝ፣ ቀጥ ብያለሁ። ይልቅስ ልጠይቅህ፤ ከሥር ያለነውን ሁሉ ጠረጠርክ፣ ፈታህ፣ ለካህ። ቀና ብለህ ከላይ ያሉትን አይተሃል?»

አያ ኤሊ አንገቱን ወደ ቅርፊቱ ሰበሰበ። ይህን ጥያቄ ፈርቶት ኖሯል። ቢሆንም ባዶዋን ጀልባ አስነስቶ መሃል ሐይቅ ደረሰና መሪውን ላላ አደረገው። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ደገመው። ቀጥ። ሦስተኛ ሞከረ። ቀጥ!

ሲመለስ ሹማምንቱ ለመሳፈር ቆመው ጠበቁት። በዚያ ቀን ገና አሳፋፈራቸውን አስተዋለ። በዚያ አገር የክብር ቦታ ቀኝ ነው። ፊታውራሪ ጉማሬ በቀኝ ተቀመጠ። ቀኛዝማች ጎሽ «እኔ ከማን አንሼ!» ብሎ በቀኝ ተቀመጠ። ግራዝማች ከርከሮ፣ ማዕረጉ የግራ ሆኖ ሳለ፣ ከሁለቱ መሃል ተሰንቅሮ በቀኝ ተቀመጠ። በግራ ጥንቸል፣ ቆቅና አይጥ አሉ። ሦስቱ ቢደመሩ የፊታውራሪን አንድ ጆሮ አይመዝኑም።

«ጌቶቼ፣» አለ አያ ኤሊ እየተንተባተበ፣ «ነገሩ... ክብደት ነው።»



«ወፍራም ናችሁ እያለን ነው?» አለ ከርከሮ።

«ኧረ በፍጹም! አንዳችሁ ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ቢሉ...»

«ግራ?!» አለ ፊታውራሪ። «አባቴ በቀኝ ተቀመጠ። አያቴ በቀኝ ተቀመጠ። እኔ ከጥንቸል ጋር?»

«በአያትዎ ጊዜ ጀልባ አልነበረም እኮ» አለች አይጥ። ያልሰሙ መሰሉ።

ይህን ጊዜ እሜቴ ጦጢት መፍቻዋን እያወዛወዘች ከዛፍ ወረደች። «ጌቶቼ ለምን ይነሳሉ? እኔ ባለሙያ እያለሁ! ያችን ክንፍ ጣመም ባደርጋት ያለቀ ነገር ነው።»

«እኔ ለእነዚህ ከተጣመምኩ፣ እነሱ በማይሳፈሩበት ቀንስ?» ብላ ክንፍ ጮኸች። ግን ከውሃ በታች የሚጮኽን ማን ይሰማል? ጦጢት ጣመም አደረገቻት።

እውነትም ሹማምንቱ በቀኝ እንደተቆለሉ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ጦጢት ካባ ተሸለመች። ንግግርም አደረገች፤ ረጅም።

በማግስቱ ሹማምንቱ አልተሳፈሩም። ጥንቸል፣ ቆቅና አይጥ ብቻ ነበሩ። ጀልባዋ ወደ ግራ ሄደች። አያ ኤሊ ታገለ፤ እሷ ወደ ግራ። ሄዳ ሄዳ አሸዋ ላይ ተሰካች። ጥንቸል እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ገብታ እስከ እኩለ ቀን ስትገፋ ዋለች።

«ይኸው!» አለ ቀኛዝማች ጎሽ ወሬው ሲደርሰው። «ተራ ሕዝብ መቀመጥ አያውቅም። እኛ በሌለንበት ይጣመማል።»

«ኤሊም ሦስተኛው ነው፤ ይውረድ» አለ ፊታውራሪ።

«ጌታዬ፣ ይኼኛው አሸዋ ነው እንጂ ድንጋይ...»

«ውረድ!»

አያ ኤሊ ማዶ ማዶውን አየ። አራት ዓመት ከሁለት ወር። ሚስቱ ዛሬ ማታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ቀስ ብሎ ብቅ አለ።

«ልወርድ ነው ጌቶቼ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። እናንተን የሚመጥን መቀመጫ ሳላበጅ መቅረቴ። እስከ ማታ ጊዜ ብትሰጡኝ...»

ተያዩ። «ማበጀቱን ያብጅ» አሉ።

አያ ኤሊ መጀመሪያ መፍቻ ይዞ ከሥር ገባና ክንፍን አቀናት። ቀጥሎ አንድ አግዳሚ ወንበር ከጀልባዋ እኩል መሃል ላይ በቁመቷ መታ፤ በላዩም ቀይ ምንጣፍ አነጠፈ። ማታ ተሳፋሪ ሲሰበሰብ በሙሉ ድምፁ ጥንቸልን ተቆጣት።

«አንቺ! ከዚያ ራቂ! እሱ እንኳን ለአንቺ፣ ቀኝ ለለመደ ሹም ሁሉ የሚሰጥ ወንበር አይደለም!»

የፊታውራሪ ጆሮ ቆመ። «ለማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ። ከሁሉ ለሚበልጠው ይሆናል።»

ፊታውራሪ ሄዶ ተቀመጠበት። ጎሽ «እኔ ከማን አንሼ!» ብሎ አጠገቡ ተጨመረ። ከርከሮ ከሁለቱ መሃል ተሰነቀረ። ጎን ለጎን ሳይሆን ፊትና ኋላ ነበርና የተደረደሩት፣ ክብደታቸው ሁሉ መሃል ላይ ዋለ። ቀኙ ባዶ ስለሆነ ትንንሾቹ ግራና ቀኝ ተካፍለው ተቀመጡ፤ አንድም ሹም ዞሮ አላያቸው።

አያ ኤሊ ሞተሩን አስነሳ። መሃል ሐይቅ ሲደርሱ መሪውን ላላ አደረገው። ጀልባዋ ቀጥ። ጥቁሩ ድንጋይ በስተቀኝ አለፈ፤ አሸዋው በስተግራ አለፈ።

«አያችሁ?» አለ ፊታውራሪ ጉማሬ ጋቢውን እያስተካከለ። «ቀድሞም ጉድለቱ የእኛ አቀማመጥ ነበር።»

በዕድሜው የተናገራት ብቸኛ እውነት እሷ ነበረች፤ እሱ ግን ስለ ክብሩ የተናገረ መስሎታል። አይጥ ሳቋን በጭራዋ ሸፈነች።

«ጦጢት ትሸለም!» አለ ጎሽ። «ኤሊም ለጊዜው ይቆይ።»

አያ ኤሊ ያን ማታ ቤቱ ገባ። ሚስቱ «የጀልባዋ ሕመም ተገኘ?» ብላ ጠየቀችው።

«ተገኘ።»

«ምኗ ላይ ነበር?»

በሩን ዘጋ፤ ደግሞ መዘጋቱን አየ፤ መስኮቱንም አየ። ከዚያ በጆሮዋ ነገራት።

እናንተ ግን ጮክ ብዬ ልንገራችሁ፣ ስሙት፦ የምትሳፈሩበት ነገር ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል መፍቻ ይዛችሁ ከሥር ወዳለችው ብሎን አትሩጡ፤ አስቀድማችሁ ከላይ ማን እንዴት እንደተቀመጠ እዩ።

ተረቴን አሻገርኳት፤ የሰማ ደግሞ ለጎረቤቱ ያሻግራት።