ድምፅ በእንቁላል
ተረት ተረት፣ የሦስት እንቁላል ተረት! ዶሮዎች ከሚጥሉት ሰባት እንቁላል ሦስቱን ለግብር የሚከፍሉበት አገር ነበር። ቀበሮና ሸለምጥማጥ በየፊናቸው ፓርቲ አቋቁመው፣ «ምረጡን፣ ግብሩን ወደ አንድ እናወርደዋለን» ይላሉ። ድምፅ የሚሰጠው በመረጡት ቅርጫት እንቁላል በማስቀመጥ ነው። ጫጩት የናፈቃት እማማ ገብስማ ሁለቱንም በየተራ ብትመርጥም ግብሩ ንቅንቅ አላለም።

«ልጄ፣ ቅነሳው የት ደረሰ?» አለችው ቀበሮን።

«ሸለምጥማጥ አላሠራ አለን እኮ፣ እማማ!»

«ድምፄስ?»

«እሱማ ተቆጥሮ አልቋል» አለ አፉን እየጠረገ።

በቀጣዩ ምርጫ እሷና ጎረቤቶቿ የገማ የገማውን እንቁላል ይዘው ሄዱና ሁለቱንም ቅርጫት ሞሉ። በማግስቱ ተቀናቃኞቹ ሆዳቸውን እንደያዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፦ ከእንግዲህ ድምፅ በቅጠል ይሰጥ!

ገብስማም ሒሳቧን ዘጋች። ግብሩ ያው ሦስት፤ ኪሳራ አንድ የገማ እንቁላል፤ ትርፍ ደግሞ፣ ለምርጫ ልትሄድ ከነበረችው እንቁላል የተፈለፈለች አንዲት ጫጩት።