የራስ ቅቤ የገባበት ጉርሻ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሦስት ሴቶች ልጆችና አንድ የእንጨት ሙቀጫ ነበሯቸው። ለልጆቹም ለሙቀጫውም እኩል ይሳሱ ነበር ብል ልጆቹ አይቀየሙኝም፤ እነሱም ያውቁታል።

በዚያ ሙቀጫ የሚወቀጠው ለውዝ ነው። ወይዘሮ አሰገደች የባቢሌን ለውዝ ይቆላሉ፣ በመዳፋቸው አሽተው ገለባውን በሰፌድ ያነፍሳሉ፣ ከዚያ ዘይቱ ወጥቶ እንደ ሊጥ እስኪለሰልስ ይወቅጡታል። ስኳር ይጨምሩና እንዲያያዝላቸው ትንሽ ቅቤ ጣል ያደርጉበታል። በመዳፋቸው እያድበለበሉ በእንፋሎት በቀለጠ ቸኮሌት ነክረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከቱታል። አንዱ ፍሬ ልክ አፍ የሚሞላ ነው፤ ስሙም «የአሰገዱ ጉርሻ» ነው። ከዚራ ውስጥ ያለ እሱ ክርስትና ተነሣ ቢሏችሁ አትመኑ። ደግሞ በሳህን አይቀርብም፤ ወይዘሮ አሰገደች በገዛ እጃቸው ያጎርሱታል፤ እምቢ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም።

ትንሿ ልጃቸው ርብቃ ተጸያፊ ናት። ተጸያፊ ስላችሁ እንደ እናንተ አይምሰላችሁ። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ታጥቦም አትነካውም። ዝንብ ያረፈበትን ዳቦ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የነበረውንም ትጥላለች። ድግስ ቤት ሰው ሊያጎርሳት እጁን ከዘረጋ «ጥርሴን አሞኛል» ብላ ጉንጯን ትይዛለች፤ እንዲህ እያለች ስንት ዓመት ጥርሷን አሳመመችው። በዚህ ዓለም ላይ የምትጎርሰው ከአንድ እጅ ብቻ ነው፤ ከእናቷ እጅ። ሙቀጫውንም የተመኘችው ለዚሁ ነው። የእናቷ ሥራ በሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ቀፈፋ የምትበላው ምን ይኖራታል?

ታላቆቿም ይመኙታል። ትልቋ ትርንጎ ከእህቶቼ ሁሉ በፊት ዘነዘና ያነሣሁ እኔ ነኝ ትላለች። መካከለኛዋ እልፍነሽ አትናገርም፤ ግን ሙቀጫውን ካለ እሷ የሚያጥበው የለም። ሙቀጫው የደረሳት የእናትየው ስምም ይደርሳታል፤ ይህን ሦስቱም ያውቃሉ።

ወይዘሮ አሰገደች ክንዳቸው ሲዝል ጊዜ ጎረቤቱን ጠሩና እንዲህ አሉ፦

«ዛሬ ሙቀጫዬን አስረክባለሁ። በእናንተ ፊት ያከበረችኝ ልጄ ትወስደዋለች። የመጨረሻዋን ጉርሻ የማጎርሰው እሷን ነው።»

አሁን ወደሚቀፈው ነገር ልግባ፤ መቼም አይቀርልኝ።

ባለፈው ክረምት ወይዘሮ አሰገደች ክፉ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ጉንፋኑ ሲሄድ ማሽተታቸውን ይዞ ሄደ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ባለሙያ ሴት «ሽታ አልለይም» ብትል ማን ይቀምስላታል? እንዲሁ በልምድ እየሠሩ ከረሙ። ወጥ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ግን ሁለት እኩያ የዱቄት ወተት ጣሳዎች ነበሩ፤ በአንዱ የምግብ ቅቤ፣ በሌላው የራስ ቅቤ። ምልክት አድርገውባቸው አያውቁም። ክዳኑን ከፍተው ያሸታሉ፣ ይለያሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሥርዓታቸው ይኸው ነበር። ልጆቻቸው «ክር እንሰርበት» ሲሏቸው «አፍንጫዬ ምን ሆነና?» ይሏቸዋል።

ሙቀጫውን በሚያስረክቡበት ዕለት ጠዋት አንዱን ጣሳ አነሡ፣ ከፈቱ፣ ከልማድ አሸተቱ፣ ዛቁ።

የራስ ቅቤ ስላችሁ ለጋ እንዳይመስላችሁ። ከርሞ የከረፋ፣ ጸጉር ሲቀባ ጣት ከራስ ወደ ጣሳ፣ ከጣሳ ወደ ራስ የተመላለሰበት፣ ፎረፎርና ላብ የጠጣ ቅቤ ነው። ስነግራችሁ ራሱ ያቅለሸልሸኛል። ቸኮሌቱ ደግሞ ጉዱን ሸፈነው። ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ሲያሸቱትም ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል።

በዚያ ቤት ከእንግዳ በፊት ቤተሰብ ይቀምሳል። እንግዶቹ ግቢው ጥላ ሥር ተደርድረው እያዩ ወይዘሮ አሰገደች ሦስቱን ልጆቻቸውን በተራ አጎረሱ፤ ከትንሿ ጀመሩ።

ርብቃ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። መጀመሪያ ቸኮሌቱ ተሰበረ። ቀጥሎ የመጣው ግን ለውዝ አይደለም፤ ሳይታጠብ የከረመ ራስ ነው። ምላሷ ላይ ተለጠፈ፣ ላንቃዋ ላይ ወጣ፣ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። አንገሸገሻት። ስታላምጠው ደግሞ አንድ ቀጭን ነገር በጥርሷ መሐል ተሳበ፤ ጸጉር። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀና ስትል እናቷ እንደ ልጅ አፍ አፏን እያዩ ነው። ከጎናቸው ሰፈሩ ሁሉ አለ። ሆድ ይፍጀው ብላ ከነጸጉሩ ዋጠችው።

«ጣፈጠሽ?» አሏት።

«ድገሚኝ እንጂ እማዬ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች።

እንግዶቹ ሳቁ፤ እናትየው ደስ ብሏቸው ደገሟት፤ እሱንም ዋጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጓሮ ሄደችና ግድግዳውን ተደግፋ ምራቋን ስትተፋ ቆየች። ምራቋ አላልቅ አላት።

እልፍነሽ ጎረሰች፤ ወዲያው ገባት። ወደ ጉንጯ ገፋ አድርጋ ያዘችው እንጂ አልዋጠችውም። እናቷ ትርንጎንም አጉርሰው ለእንግዶቹ ሊያዞሩ ሲሉ ትሪውን ከእጃቸው ተቀበለች፤ ሁለት እርምጃ እንደ ሄደች አጋድማ መሬት ላይ ደፋችው። ሳታውቅ ነው እንዳይባል እግሯ እንቅፋት አልመታውም፤ ሁሉም አይቷል። የጎረቤት ፍየል ሮጣ መጣች፣ አሸተተችና አንገቷን አዙራ ተመለሰች። ካርቶን የምትበላ ፍየል!

«ምቀኛ!» አሉ እናትየው። «ታናሽሽን ስለደገምኳት ነው? በሰው ፊት ልታዋርጂኝ?»

እልፍነሽ አንገቷን ደፋች። ብትናገር ራሷን ታወጣለች፤ ግን አፏ ሙሉ ነው፣ ልቧም አልፈቀደም። ስድቧን ጠጣች።

ትርንጎ የጎረሰችውን መሐረብ ላይ ተፋችው። እናቷ «ግድ የለም፣ ሌላ ትሪ አለኝ» ብለው ወደ ማቀዝቀዣው ሲነሡ በር ላይ ቆመችባቸው።

«እማዬ፣ አይወጣም» አለች።

«ምኑ ነው የማይወጣው?»

«የራስ ቅቤ ነው የጨመርሽበት። አታሸቺም አይደል? አሁን ነው የገባኝ፤ ከክረምቱ ጉንፋን ጀምሮ አታሸቺም።»

ይህን ያለችው በሹክሹክታ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሰማ። ወይዘሮ አሰገደች ጣሳውን አስመጡና አፍንጫቸውን ደቀኑበት። ምንም የለም። ለባቡር ጡረተኛው ለአቶ ጣሰው አቀበሏቸው። አቶ ጣሰው ሳይጠጉት ፊታቸውን አዞሩ።

«የራስ ነው፣ እትዬ አሰገዱ» አሉ።

ወይዘሮ አሰገደች ሙቀጫው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን፣ ያን ስንት ሰው ያጎረሱበትን እጅ፣ ደጋግመው በቀሚሳቸው ጠረጉት። ርብቃ ከጓሮ ስትመለስ ያየችው ይህን ነው። አፏ ገና እንደ ከረፋ ነው፤ ያም ሆኖ ከቅቤው ይልቅ የእናቷ እጅ መጠረግ ቀፈፋት። የትርንጎን ድምፅ ከጓሮ ሰምታ ነበርና ትልቋን እህቷን ጠላቻት። ወዲያው ደግሞ ራሷንም ጠላች፤ እሷ «ድገሚኝ» ባትል እናቷ ትሪውን ለሰው ሊያዞሩ ያን ያህል ልብ ባላገኙ ነበር።

ጎረቤቱ ተከፋፈለ።

«ትንሿ ናት እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «የሰው ብርጭቆ የማትነካ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትሁን?»

«እሷማ ሁላችንንም ልታስጎርሰን ነበር» አለ ልጃቸው። «ሆዳችንን ያተረፈችው እልፍነሽ ናት፤ ያውም ተሰድባ።»

«ደፍታ ዝም ብትል ምን ዋጋ አለው?» አሉ አቶ ጣሰው። «ነገም ከዚያው ጣሳ ይዛቅ ነበር። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። የተናገረችው ትርንጎ ናት።»

«በሰው ፊት?» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «እናቷን በሰው ፊት?»

ወይዘሮ አሰገደች ሁሉንም ሰሙና ተነሡ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። የተረፈች ጭብጥ ለውዝ ቆልተው ወቀጡ፤ ማንም አላገዛቸውም፣ አላስጠጉማ። ቅቤ ሲደርስ ሁለቱንም ጣሳዎች ለርብቃ ዘረጉላት። ርብቃ የመጀመሪያውን ስታሸት ፊቷ ተጨማደደ፤ ሁለተኛውን ሰጠቻቸው። አንዲት ፍሬ ብቻ አድበልብለው ቸኮሌት ውስጥ ነከሯት፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትንሽ አቆይተው ይዘዋት ወጡ።

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ። «ይህቺን የጎረሰች ሙቀጫዬን ትወስዳለች።»

ሦስቱ እህቶች ፊታቸው ቆሙ። አንዷ የእናቷን ውርደት ውጣዋለች። አንዷ ደፍታዋለች። አንዷ ተናግራዋለች። ርብቃ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ እጅ ለመጉረስ ፈራች፤ አፏን ግን አልዘጋችም።

ወይዘሮ አሰገደች እጃቸውን ዘርግተው ከአንዷ ወደ አንዷ ያያሉ። የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ ዳኛ አይጠብቅም፤ ቸኮሌቱ በጣቶቻቸው መሐል እየቀለጠ ነው።

እንግዲህ እናንተ ንገሯቸው፤ ማንኛዋን ያጉርሱ?