አሥር አለቃው የተሸከመው ድንጋይ

አንድ አሥር አለቃ ነበረ። አባትህ ጠጪ እንደነበሩ በአርባቸው ላይ ላንሳው ወይስ ልለፈው ብለህ ስለጠየቅኸኝ፣ የዚህን ወታደርና የልጁን ነገር ልንገርህ።

አሥር አለቃው ዐሥራ ሁለት ዓመት ጦር ሜዳ ኖሮ፣ ሦስት ጊዜ ቆስሎ፣ ሁለት ኒሻን ይዞ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ተመለሰ። ደግ አባት ነበር፤ ልጆቹን ሳያለብስ ለራሱ ጫማ አይገዛም። ነገር ግን ድንገተኛ ድምፅ ከሰማ ሌላ ሰው ይሆናል።

አንድ ቀን እራት ላይ የድስት ክዳን ከሚስቱ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ጮኸ። አሥር አለቃው በደረቱ ተደፍቶ ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አየነው የሚባለው የዐሥራ አምስት ዓመት የበኩር ልጁ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ ሳቁ አመለጠው። አባትየው ተነሥቶ ከበሩ ኋላ ያለውን ዱላ አነሣና የልጁን ግራ ክንድ ሰበረው። ከዚያ ደጅ ወጥቶ ተቀመጠ። ወጌሻ የጠራችው እናቱ ናት።

ክንዱ ተጣሞ ዳነ። ልጁም ሌላ ከተማ ሄዶ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። ሲያገባ እንኳ አባቱን አልጠራም። ሰው ሲጠይቀው «አባት የለኝም» ይል ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ ወፍጮው ደጅ የተሰለፉት ሴቶች ድንገት ዝም አሉ። አየነው ዱቄት እንደለበሰ ብቅ ቢል ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ በመካከላቸው አባቱ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። ከመናኸሪያ ጀምሮ እንደተሸከመው ነው የመጣው። በአገሩ ልማድ ለይቅርታ ድንጋይ የሚሸከመው ታናሽ ለታላቅ ነው፤ አባት ለልጁ ሲሸከም ያየ ሰው አልነበረም።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? ሰው እያየ! ያውርዱት እንጂ!»

«ይየኝ። ክንድህን ስሰብር ማንም አላዘዘኝም፤ ዛሬም ማንም አላዘዘኝም። ይቅር ካላልከኝ አላወርደውም።»

አየነው አባቱን ድንጋዩን እንደተሸከመ እያየው ቆመ። በልቡ እንዲህ ሲያቆመው ዘጠኙን ዓመት የሚያስከፍለው መስሎት ነበር፤ ግን ደስ አላለውም። በመጨረሻ በዚያው በተጣመመው እጁ ድንጋዩን ከጫንቃው ላይ አነሣለት። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አባትና ልጅ ሆነው ኖሩ፤ አሥር አለቃውም ሸምግሎ፣ የልጅ ልጆቹን ስሞ ሞተ።

በአርባው የአየነው ታናሽ እህት የአባታቸውን የሕይወት ታሪክ ጽፋ አነበበች። ጦርነቶቹ አሉበት፣ ቁስሎቹ አሉበት፣ ኒሻኖቹ ከነተሸለመበት ቀን አሉበት። ስትጨርስ አየነው «አንድ ነገር ቀርቷል» ብሎ ተነሣ። እህቱ የኮቱን ጫፍ ጎተተችው።

«ተው! ዛሬ አባባን አታዋርዳቸው!»

እሱ ግን እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ለሰው አሳየ። ስለ ዱላውም ስለ ድንጋዩም አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ኒሻኖቹ ሲነበቡ መሬት መሬት ስታይ የቆየችው እናታቸው ያን ጊዜ ቀና አለች።

«ባሌን አሁን ገና አነሣችሁልኝ» አለች።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተ በአርባቸው ልታነበው ጽፈህ የያዝከው ወረቀት የዚያች እህት ወረቀት ነው። አባትህን ለመበቀል ከሆነ ዝም በል፤ እዚያ ቦታ አትቁም። ነገር ግን መጠጡን በሽምግልናቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በስንት መከራ እንደተዉት አንተም ታውቃለህ፤ እኔም አይቻለሁ። በዕድሜያቸው ከሠሩት ሁሉ የከበዳቸው ይኸው ነበር። መጠጣታቸውን ከደበቅህ፣ መተዋቸውን ምን ብለህ ትነግርላቸዋለህ?